ፊቱን ያዞረው ጅብ

ጁባ ውስጥ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ክፉ ነበር፤ ባርኔጣ ያደረገ ጅብ። ለተማሪዎች በምናሳትመው የሥዕል ታሪክ መጽሔት ላይ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አለ። እኔ ከአዲስ አበባ ሄጄ በሠዓሊነት ስቀጠር፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሠዓሊ ፈጥሮት፣ አሳድጎት፣ ጥሎልኝ ሄዷል። እንደ ቢሮ ዕቃ ተረከብኩት ማለት ይቻላል።

ሱሪው በገመድ የታሰረ፣ ጫማው አፉን የከፈተ፣ ምላሱ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለ ጅብ ነው። በየእትሙ አንድ ተንኮል ያስባል። የሰፈሩን ጉድጓድ ሊበክል ይነሳል፤ የተማሪ ቦርሳ ይሰርቃል፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ይሸጣል። መጨረሻ ላይ ግን ወይ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፣ ወይ ፍየል ታባርረዋለች። ልጆቹ በጁባ ዐረብኛ «ማርፋይን» ይሉታል፤ ጅብ ማለት ነው። መጽሔቱ ካምፓላ ታትሞ በጭነት መኪና መጥቶ ካስተም ገበያ ይራገፋል። ካርቶኖቹን ጭነን ማላኪያ ሰፈርን ስናቋርጥ ልጆቹ አቧራው ውስጥ «ማርፋይን! ማርፋይን!» እያሉ ይከተሉናል። አንዳንዶቹ ትከሻቸውን ከፍ፣ ወገባቸውን ዝቅ አድርገው እንደ እሱ ያነክሳሉ። እኔም ወድጄው ነበር። እጄ ስለለመደው እርሳሱን ወረቀት ላይ ሳስቀምጥ ራሱ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ከተማው በየቀኑ ይሞላል። ከካርቱም በጀልባ፣ ከኡጋንዳ በአውቶቡስ፣ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን፣ ሰው ከየስደቱ ወደ ሀገሩ ይመለሳል። ዘመድ ዘመዱን በስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ወንድም ወንድሙን አይቶት አያውቅም። በዚያ ግርግር መሐል ልጅ ይጠፋል። አንዳንዱ ገበያ ውስጥ ሲንከራተት ይገኛል። አንዳንዱ ግን ሰው ጠርቶት ነው የሄደው።

አለቃችን ናይሮቢ ያደገች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። አንድ ቀን ጠዋት ቢሮአችን በሆነው ኮንቴይነር ውስጥ ሰብስባን፣ «የሚቀጥለው እትም ስለዚህ ነው» አለች። «ልጅ ስለሚጠራ እንግዳ ሰው። ክፉው ጅቡ ይሁን፤ ሁሉም ያውቁታል።»

እኔ ወዲያው ማስታወሻዬ ላይ መሞነጫጨር ጀመርኩ። ጽሑፉን የምትጽፈው ባልደረባዬ ግን ደብተሯን አልከፈተችም። የዚያው ሀገር ልጅ ናት። በልጅነቷ ከጦርነቱ ሸሽታ ጋምቤላ ገብታ፣ ኋላ አዲስ አበባ ተምራ ነው ያደገችው። ሰላም ሲወርድ ወደ ሀገሯ ተመለሰች፤ መጀመሪያ አስተማሪ ሆነች፣ ከዚያ እኛ ጋ መጣች። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፤ ስትናደድማ ወያላ በሏት። ሁለታችን በእንግሊዝኛ እንሠራለን፣ በአማርኛ እንጣላለን።

«ከመጀመርህ በፊት» አለችኝ ስንወጣ፣ «ልጆቹን እንጠይቅ።»

ሃይ ማላካል በሚባል ሰፈር፣ አዲስ እትም ስናዘጋጅ ሁልጊዜ የምንሞክርበት ትምህርት ቤት ነበር። ክፍሎቹ ስለማይበቁ ትንንሾቹ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው የሚማሩት። የጅቡን ትልቅ ሥዕል ግንዱ ላይ ሰቀልን። ገና ሲያዩት ሳቁ።

«ይሄ ማነው?» አለቻቸው በጁባ ዐረብኛ።

«ማርፋይን!»

«ገበያ ውስጥ ብቻችሁን ስትሄዱ ቢያገኛችሁና ና፣ ነይ ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

እጅ በእጅ ላይ ተነሳ። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሳይፈቀድላት ቆመች። «እሄዳለሁ!» አለች።

«ለምን?»

«ያስቀኛላ!»

የቀሩትም ተቀበሏት። እሄዳለሁ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ አንዱ ምላሱን ይዞ ሊጎትተው፣ ሌላዋ ባርኔጣውን ልትነጥቀው። አስተማሪያቸውም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ባልደረባዬ ብቻ አልሳቀችም። ሥዕሉን ከግንዱ አውርዳ ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

መኪና ውስጥ፣ «ሰማህ አይደል?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«በገዛ እጃችን አለማመድናቸው።»

ያን ሳምንት ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ባርኔጣውን ጣልኩት። የተቀደደውን ጫማ ጣልኩት። ክራንቻ አወጣሁለት፤ ከክራንቻው ደም አንጠባጠብኩ። ዓይኑን ቢጫ፣ ጥፍሩን ማጭድ፣ ከኋላው ያለውን ሰማይ ጥላሸት አደረግሁት። እግሩ ሥር አጥንት በተንኩ። ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ከበሩ ሆኜ ሳየው ራሴንም ደስ የማይል ነገር ተሰማኝ፤ ኮራሁበትም። አለቃችን አይታው «ይሄስ አልበዛም?» አለች። ባልደረባዬ «እንሞክረው» ብቻ አለች።

ማንጎው ሥር ይዘነው ስንሄድ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ልጆቹ ጮኹ፤ ግን የደስታ ጩኸት ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ሊያዩት ተጋፉ። ጥፍራቸውን እያሳዩ እርስ በርሳቸው አጓሩ። ከኋላ የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ ሥዕሉን ስጡኝና ቤት ልለጥፈው ብሎ ለመነን። አስተማሪው ጸጥታ ለማስከበር በዱላ ግንዱን ደጋግሞ መምታት ነበረበት።

ስንመለስ የውኃ ቦቴ መንገዱን ዘግቶት ቆመን ሳለ፣ ባልደረባዬ ወደ ውጭ እያየች ተናገረች።

«ጥርስ አያስፈራቸውም። እዚህ አገር ጥርስ ያለው ነገር ከሩቅ ይታያል። ከታየ ነገር ደግሞ ሮጠው ያመልጣሉ። ልጆቹ መሮጥ ያውቃሉ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያስፈራው?»

ቦቴው መንገዱን ለቀቀና ተነሳን። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ራሷ ወንዙ ዳር እንሂድ አለችኝ። ነጭ አባይ እዚያ ሰፊና ድፍርስ ነው፤ የተነቀለ ሣር እንደ ደሴት ተሸክሞ ዝም ብሎ ይወርዳል። ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ያዘዝነው ዓሣ ሳይመጣ ነው የጀመረችው።

«ወደ ኢትዮጵያ ስንሸሽ በእግራችን ነው» አለች። «ትልልቆቹ ፊትና ኋላ ይሄዳሉ፣ ልጆች መሐል። እኔ ጓደኛ ነበረችኝ፤ የሰፈራችን ልጅ፣ እኩያዬ። አብረን ነው የምንሄደው። ስናርፍ አብረን ነው የምንተኛው። አንድ ቦታ ላይ ውኃ ተገኘና ሰዉ ሁሉ ወደ ውኃው ሄደ። እኛ ዛፍ ሥር ቀረን። አንድ ሰው መጣ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ጥሩ ሰው። ድምፁ ጥሩ፣ አነጋገሩ ጥሩ። አልቸኮለም። በስሟ ጠራት። ከዚያ እኔን በስሜ ጠራኝ። እናቶቻችሁ ልከውኝ ነው አለ፤ ውኃው ጋ ምግብ አለ፣ ኑ አለ። ስማችንን እንዴት እንዳወቀ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ለካ እናቶቻችን መንገዱን ሙሉ ሲጠሩን ይሰማ ነበር። ቁጭ ብሎ ያጠና ነበር።»

ዓሣው መጣ። ሁለታችንም አልነካነውም።

«እሷ ተነሳችና እጁን ያዘች። እኔ አልተነሳሁም። ብልህ ሆኜ እንዳይመስልህ፤ እግሬ ቆስሎ ነው። ቆይ መጣሁ ብዬ ተቀመጥኩ። እነሱ ሄዱ። ራቅ ሲሉ ዞር ብላ እጇን አውለበለበችልኝ። እየሳቀች ነበር።»

«ፊቱን ታስታውሺዋለሽ?»

«አላስታውሰውም። ስንት ዓመት ልይዘው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። የማስታውሰው ጀርባውን ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ የተተኮሰ። የካውያው መስመር ከትከሻው እስከ ወገቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሁላችንም ጨርቃችን ላያችን ላይ አልቋል። ማነው በዚያ መንገድ ላይ ሸሚዝ የሚተኩሰው?»

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ እኔ ግን ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ሲቆም አየሁት። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እየሳቅሁ ነው የሰማሁት። ጅቡን እንደ ሞኝ ነበር የምቆጥረው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ተረቱ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ የገባኝ። አላጓራም፣ አልነከሰም። በጨዋ ደንብ ቁርበት ነው የጠየቀው። እነሱም አንጥፈውለታል።

«እሱን ሣለው» አለችኝ። «ግን ባርኔጣውን መልስ። ማርፋይን መሆኑን ማወቅ አለባቸው። የማያውቁት ቢመጣማ ይሸሹታል።»

ሥራው እንዲህ ያስቸግረኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ክራንቻና ደም መሣል ቀላል ነው፤ ቀለሙ ራሱ ይጮኽልሃል። አሁን የቀረኝ አንድ ጀርባ፣ አንድ ሸሚዝና አንድ ባርኔጣ ነው። ስሠራው ሰው ብቻ ይሆናል፤ ጅቡ ይጠፋል። ጅቡን ሳመጣው ደግሞ ቀልዱ አብሮ ይመጣል። ጀነሬተሩ ሲጠፋ በር ከፍቼ በቀን ብርሃን ሠራሁ። ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ስንቱን ቀደድኩት።

በመጨረሻ ያገኘሁት ሁሉን ነገር ስተወው ነው። ጅብ ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ ያለ አውሬ ነው፤ ልጆቹ ሲያነክሱ የሚያስመስሉት ይህንኑ ነው። ያንን ቁልቁለት ወስጄ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ በአንድ መስመር፣ ብዕሬን ሳላነሳ፣ በጣም በትንሹ አወረድኩት። ሸሚዙን ነጭ ተውኩት። የካውያውን መስመር ሳብኩ። ባርኔጣውን አሮጌነቱን አጥፍቼ ቀጥ አድርጌ ጫንኩለት። ቀና ብዬ ሳየው ከወረቀቱ ሸሸሁ፤ ወንበሬን በእውነት ወደ ኋላ ገፋሁት። በሕይወቴ ከሣልኩት ሁሉ ትንሽ ቀለም የወሰደው እሱ ነው። እኔ የሣልኩት አልመስልህ አለኝ። ከወረቀቱ ወዲያ ማዶ ፊት ያለው ይመስል ነበር።

በጎኑ እጁን የያዘችውን ልጅ ሣልኳት። ዞራ ወደ እኛ ታያለች፤ ትስቃለች።

ባልደረባዬን ጠራኋትና ከጠረጴዛው ተነሳሁላት። ቆማ አየችው። ጣቷን ሸሚዙ ላይ አድርጋ መስመሩን ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። ከዚያ ወጥታ ግቢው መሐል፣ ምንም ጥላ በሌለበት፣ ፀሐይ ላይ ቆመች። ተመልሳ ስትገባ ድምጿ የተለመደው የሥራ ድምፅ ነው። «የሚናገርበትን ክብ ትንሽ አድርገው» አለች። «እሱ አይጮኽም።»

ክቡ ውስጥ የጻፈችውን በኋላ ሳየው ከሥዕሌ ይበልጥ እሱ አስፈራኝ። በጁባ ዐረብኛ «ማማ ረሱሉ አና» ይላል፤ እናትሽ ልካኝ ነው እንደማለት። ከዚያ ቃል በፊት ግን ባዶ ቦታ አለ። ስም የሚገባበት ቦታ ነው።

«የልጅቷን ስም ረሳሽው» አልኳት።

«አልረሳሁም። የሚያነበው ሁሉ የራሱን ያስገባበታል።»

አለቃችን ለብዙ ጊዜ አየችው። ልጆችን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አላወጣም፤ መውጫውን ካላሳያችሁ አይታተምም አለች። ትክክል ነበረች። ስለዚህ ሁለት ገጽ ጨመርን። እነሱ ላይ ጅቡ ሌላ ሴት ልጅ ይጠራል። እሷ ግን እግሯን ተክላ ትጠይቀዋለች፤ «ኢሲም ታ ማማ ታይ ሙኑ?» የእናቴ ስም ማነው? ባርኔጣው ዝም ይላል። ልጅቷ ትጮኻለች፤ ሰዎች ይወጣሉ፤ ነጩ ሸሚዝ በመጣበት መንገድ ይሄዳል። እዚያም ላይ ፊቱን አላሳየንም።

ማንጎው ሥር ሄደን ለልጆቹ አንዳንድ ቅጂ ያደልን ቀን፣ ገና ባርኔጣውን ሲያዩ «ማርፋይን!» ብለው ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። ሳቁ አልወጣም። ባልደረባዬ ቀስ እያለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታነባለች። ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንድ ልጅ አየችና ስሙን ጠራችው፤ «እናትህ ልካኝ ነው» አለች። ወደ ሌላዋ ዞረች፤ ስሟን ጠርታ ያንኑ አለቻት። በዚያ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከመንገድ ማዶ ሰው የሚያመላልስ የቦዳቦዳ ሞተር ይሰማል፤ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። ያቺ ከዚህ በፊት «እሄዳለሁ» ብላ የተነሳችው ልጅ የተሰጣትን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዓይኗ አቀረበችው። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ምንም የለም። እንደገና መለሰችው፣ እንደገና ገለበጠችው። ምን እንደምትፈልግ ቆይቶ ነው የገባኝ። ከፊት በኩል ያለውን ፊቱን ነበር የምትፈልገው። ከጎኗ ያለውም ገለበጠ። ቀስ በቀስ ሁሉም ወረቀታቸውን ማገላበጥ ያዙ።

ሠዓሊ ሆኜ ስኖር ሰው ሥራዬን ሲያደንቅ አይቻለሁ፣ ሲንቅም አይቻለሁ። ሰው እኔ ያልሣልኩትን ነገር በእጁ ሲፈልግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስታ ልለው አልችልም። ትልቅ ተራራ ሥር ስትቆም የሚሰማህ ዓይነት ነገር ነው።

«የኔንም ስም ያውቃል?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

«ስም ማንም ያውቃል» አለቻት ባልደረባዬ፤ አጠገቧ ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሲጠሩሽ መስማት ነው። ስለዚህ ስምሽን ስላወቀ ብቻ አትሄጂም። ምን ትጠይቂዋለሽ?»

መጀመሪያ በሹክሹክታ መለሰች። ከዚያ ሁሉም አብረው፣ ጥያቄውን እየደጋገሙ፣ ማንጎው ላይ ያሉት ወፎች እስኪነሱ ድረስ ጮኹ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሲለቃቸው፣ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ።

መጽሔቱ ታትሞ ተሠራጨ። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ አንዲት እናት ቢሮአችን በር ላይ መጥታ መጮኽ ጀመረች። መጽሔቱን ጠቅልላ እንደ ዱላ ይዛዋለች። የባሏ ወንድም ከካምፓላ መጥቶ፣ ደስ ላሰኛት ብሎ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሊወስድ ይሄዳል። በስሟ ይጠራታል። ልጅቷ እግሯን ተክላ የእናቴ ስም ማነው ትለዋለች። ሰውዬው የወንድሙን ሚስት አይቷት አያውቅም፤ ስሟ ጠፋበት። ልጅቷ ጮኸች። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣና ከበበው። ቦዳቦዳ ነጂዎቹ ክንዱን ያዙት።

«አጎቷ ነው!» አለች እናትየው። «የሥጋ አጎቷ! ሻንጣውን አቅፎ፣ ሕዝብ መሐል፣ እኔ እስክደርስ ድረስ ለትንንሽ ልጆች አጎቷ ነኝ፣ አጎቷ ነኝ እያለ ሲምል!»

እዚህ ላይ ስትደርስ ሳቅ አመለጣት። አፏን በመጽሔቱ ሸፍና ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመና አየችን።

«ባይሆንስ ኖሮ?» አለች። «አጎቷ ባይሆንስ?»

ለእህቷ ልጆች አንድ ቅጂ ጠየቀችና ይዛ ሄደች።

እኔ በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አንድ እሑድ ግን ባልደረባዬ ደወለችልኝና የምወስድህ ቦታ አለ አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ መጽሔቱን በፌስታል ይዛ አገኘኋት። የዚያች በስደቱ መንገድ የጠፋችው ጓደኛዋ እናት ጁባ ናቸው። እንደ ሌላው ሰው ከጋምቤላ ተመልሰው ከወንድማቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ባልደረባዬ ይህን ካወቀች ቆይታለች፤ ሄዳ አታውቅም።

«ለምን ዛሬ?» አልኳት።

«ሌላ ሰው ሳያሳያቸው እኔ ላሳያቸው።»

ሴትዮዋ ግቢያቸው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር አልጋ አውጥተው ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ እግራቸውን ዘርግተው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። ባልደረባዬን ሲያዩ ወዲያው አወቋት፤ ስሟን ጠሩ፣ ጭንቅላቷን ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉ። በራሳቸው ቋንቋ ብዙ አወሩ። እኔ ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ ተቀመጥኩ። ቆይታ መጽሔቱን ከፌስታሉ አወጣች። ገጹን ከፈተችላቸው።

ሴትዮዋ ሥዕሉን ጭናቸው ላይ አድርገው አዩት። ጅቡን ነው የሚያዩት ብዬ ጠበቅሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። እሳቸው ግን መዳፋቸውን አምጥተው ነጩን ሸሚዝ ከነባርኔጣው ሸፈኑት። ከመዳፋቸው ውጭ የቀረችው ልጅቷ ብቻ ናት፤ ዞራ የምትስቀው። እሷን አዩ። በጣም ረጅም ጊዜ እሷን ብቻ አዩ። እኔ ያን ሁሉ ቀን ስለ አንድ ጀርባ ስደክም፣ ልጅቷን ግን በአንድ ከሰዓት ነበር የጨረስኳት።

ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ጋምቤላ ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛ ያውቃሉ፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«ሠዓሊው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጫማ የላትም።»

እውነት ነው፤ ባዶ እግሯን ነው የሣልኳት። ባልደረባዬ ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች።

«መንገዱ ሩቅ ነው» አሉኝ። «ጫማ አድርግላት።»

ኪሴ ውስጥ የቢሮ እስክርቢቶ ነበረኝ። አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተንበረከክሁ፤ መጽሔቱን ከጭናቸው ሳያነሱ ያዙልኝ። መዳፋቸው አሁንም እሱን እንደሸፈነ ነው። በአንዱ እግሯ፣ ከዚያ በሌላው፣ ማሰሪያ ያለው ጫማ ሣልኩላት። ማሰሪያውን እንዳይፈታ አድርጌ ደርቤ ቋጠርኩት።

«ቀይ ነበር የምትወደው» አሉ።

«ሰማያዊ ብቻ ነው የያዝኩት፣ እማማ።»

አጎንብሰው አዩት። «ሰማያዊም ይሆናል» አሉኝና የፈለፈሉትን ኦቾሎኒ አንሥተው በእፍኛቸው ሰጡኝ።